የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መኪና ኢንሹራንስ በብሪታንያ፦ በየትኛው አድራሻ? በማን ስም?



በየዓመቱ መስከረም ላይ በብሪታንያ የሚኖሩ ቤተሰቦቻችን ልጆቻቸውን ወደ ዩኒቨርሲቲ ይሸኛሉ። ከሚሸኙት መካከል መኪና ይዘው የሚሄዱ አሉ። መኪናው በትምህርት ወቅት ዩኒቨርሲቲው ባለበት ከተማ፣ በዕረፍት ጊዜ ደግሞ ወላጆች ቤት ደጃፍ ያድራል። ታዲያ ኢንሹራንሱ የሚገባው በየትኛው አድራሻ ነው? በልጁ ስም ወይስ በአባት ስም? ብዙ ቤተሰብ ይህን ጥያቄ የሚመልሰው የትኛው ይረክሳል ብሎ ዋጋ በማወዳደር ብቻ ነው። ችግሩ የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው።

መልሱን በአጭሩ ከወዲሁ እናስቀምጥ። ለኢንሹራንስ ድርጅቱ መነገር ያለበት መኪናው አብዛኛውን ሌሊት የሚያድርበት ትክክለኛ ቦታና መኪናውን አብዛኛውን ጊዜ የሚነዳው ትክክለኛ ሰው ነው። በሌላ አድራሻ ወይም በሌላ ሰው ስም በርካሽ የተገዛ ውል የተቆጠበ ገንዘብ ሊመስል ይችላል። አደጋ በደረሰ ቀን ግን ወረቀት ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ከዚህ በታች ምክንያቱንና ትክክለኛውን አካሄድ በየተራ እናያለን። የምናቀርበው በእንግሊዝ፣ በስኮትላንድና በዌልስ ያለውን አሠራር ነው።

ከሀገር ቤቱ አሠራር የሚለየው

ሀገር ቤት የሦስተኛ ወገን መድን ከመኪናው ጋር የተያያዘ ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት እያንዳንዱ ተሽከርካሪ ሽፋኑ ሊኖረው ይገባል፤ ማስረጃው ተለጣፊም መስታወቱ ላይ ይታያል። ስለዚህ ብዙዎቻችን «መኪናው ኢንሹራንስ አለው» ስንባል መንጃ ፈቃድ ያለው ሁሉ ሊነዳው የሚችል ይመስለናል።

ብሪታንያ ውስጥ እንዲህ አይደለም። ውሉ በአንድ ጊዜ አራት ነገሮችን ያያይዛል፦ መኪናውን፣ የሚነዱትን ሰዎች፣ የሚያድርበትን ቦታ እና የሚያገለግልበትን ሥራ። ከአራቱ አንዱ ሲለወጥ ዋጋውም ይለወጣል፤ አንዳንዴም ሽፋኑ ራሱ ይጠፋል። አባት በመኪናው ሙሉ ሽፋን ስላለው ብቻ ስሙ በውሉ ላይ ያልሰፈረ ልጁ ቁልፉን አንስቶ መንዳት አይችልም። ከነዳ ያለ ኢንሹራንስ እንደነዳ ይቆጠራል።

«ሌላ ሰው መኪና የመንዳት» የሚባል ተጨማሪ መብት በአንዳንድ ውሎች ላይ አለ። ይሁንና ብዙውን ጊዜ ከ25 ዓመት በታች ለሆኑ ወጣቶች አይሰጥም። ሲሰጥም የሦስተኛ ወገን ጉዳትን ብቻ ነው የሚሸፍነው። ስለዚህ አንድ ተማሪ የጓደኛውን መኪና ከመንዳቱ በፊት በእጁ ያለውን የውል ሰርተፊኬት ማንበብ አለበት።

ሕጉ ምን ይላል?

እ.ኤ.አ. የ1988 የመንገድ ትራፊክ ሕግ በሕዝብ መንገድ ላይ የሚነዳ ሁሉ ቢያንስ የሦስተኛ ወገን ሽፋን እንዲኖረው ያስገድዳል። ያለ ኢንሹራንስ የተያዘ ሰው መደበኛው ቅጣቱ 300 ፓውንድና 6 የቅጣት ነጥብ ነው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከደረሰ የገንዘብ ቅጣቱ ጣሪያ የለውም፤ መንጃ ፈቃድም ሊታገድ ይችላል። ፖሊስ መኪናውን እዚያው የመውሰድ ሥልጣን አለው።

እነዚያ 6 ነጥቦች ለተማሪ ከሌላው ሰው ይበልጥ ይከብዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው የአዲስ አሽከርካሪዎች ሕግ መሠረት ፈተና ካለፈ 2 ዓመት ሳይሞላው 6 ነጥብ የደረሰ አሽከርካሪ መንጃ ፈቃዱ ይሰረዛል። እንደገና ተለማማጅ ሆኖ የጽሑፉንም የመንዳቱንም ፈተና ከመጀመሪያ መውሰድ አለበት። አብዛኛው የአንደኛ ዓመት ተማሪ ገና በእነዚያ 2 ዓመታት ውስጥ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ያለ ሽፋን መያዝ መንጃ ፈቃዱን ያሳጣዋል።

«መኪናዋ ቆማለች፣ ማንም አይነዳትም» ማለትም ከግዴታው ነጻ አያወጣም። ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በስሙ የተመዘገበ መኪና ያለው ሰው፣ መኪናው ቢነዳም ባይነዳም ኢንሹራንስ ሊኖረው ይገባል። ማስቀረት የሚቻለው ከመንገድ መውጣቱን «ሶርን» በሚባለው ማስታወቂያ ለዲቪኤልኤ በማሳወቅ ነው። ሶርን የተደረገ መኪና በግል ግቢ ውስጥ ይቀመጣል እንጂ የሕዝብ መንገድ ላይ ሊቆም አይችልም። ግቢ ለሌለው ቤተሰብ ይህ አማራጭ አይሆንም ማለት ነው።

አድራሻ፦ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች

ብዙ ተማሪዎችን ግራ የሚያጋባው የመንጃ ፈቃድ አድራሻና የኢንሹራንስ አድራሻ አንድ ይመስላቸው ዘንድ ነው።

መንጃ ፈቃድን በተመለከተ ተማሪው ለትምህርት ለጊዜው ከቤት ቢወጣ፣ በወላጆቹ አድራሻ ሊገኝ እስከቻለ ድረስ አድራሻውን መቀየር አይጠበቅበትም። ጨርሶ ቤት ከቀየረ ግን ለዲቪኤልኤ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ሳያሳውቅ ቢቀር እስከ 1,000 ፓውንድ ሊቀጣ ይችላል።

ኢንሹራንስ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ መኪናው ሌሊት የት ያድራል? ይህ ጥያቄ የሚጠየቀው በየፖስት ኮዱ የስርቆቱና የግጭቱ መጠን ስለሚለያይ ነው። ዋጋውም በዚያው ይሰላል። የመንጃ ፈቃዱ አድራሻ የወላጆች ቤት ስለሆነ ብቻ የኢንሹራንሱም አድራሻ እዚያ ነው ማለት አይቻልም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ቤተሰቡ ሚልተን ኪንስ ይኖራል እንበል፤ ልጁ ማንቸስተር ይማራል። የትምህርት ወቅቱ በዓመት 30 ሳምንት ያህል ነው። መኪናውን ይዞ ከሄደ ከ52 ሳምንት ውስጥ 30ው ማንቸስተር ያድራል። ከግማሽ በላይ ነውና ዋናው የማደሪያ ቦታ ማንቸስተር ነው። ልጁ በየሁለት ሳምንቱ ለጁምዓና ለቤተሰብ ጥየቃ ወደ ቤት ቢመለስም ይህ አይቀየርም።

የትምህርት ከተማውን ማሳወቅ ሁልጊዜ ዋጋ ይጨምራል ማለትም አይደለም። ቤቱ ለንደን ሆኖ ትምህርቱ እንደ ላንካስተር ባለ አነስተኛ ከተማ ከሆነ እውነቱን መናገር ዋጋውን ሊቀንሰው ይችላል። በሁለቱም አድራሻ ዋጋ መጠየቅና ከዚያ ትክክለኛውን መግዛት ማንንም አይጎዳም።

መኪናው በሁለቱ ቦታዎች እኩል የሚያድር ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም አድራሻ ለድርጅቱ ማሳወቅ ይሻላል። የትኛውን ዋና አድርገው እንደሚመዘግቡ እነሱ ይወስኑ። መልሳቸውን በስልክ ብቻ ሳይሆን በኢሜይል ወይም በጽሑፍ መልእክት ተቀብሎ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። አንዳንድ ድርጅቶች የትምህርት ከተማውን የመኪናው ማደሪያ፣ የወላጆችን ቤት ደግሞ የደብዳቤ አድራሻ አድርገው ይይዛሉ።

ዋናው አሽከርካሪ ማን ነው?

ወጣት ልጅ በራሱ ስም ሲገባ ዋጋው ይንራል። ስለዚህ አባት ወይም እናት ዋና አሽከርካሪ ተብለው፣ ልጁ «ተጨማሪ ሹፌር» ሆኖ እንዲመዘገብ የሚመክሩ አሉ። ይህ ትክክል የሚሆነው በተግባርም እንዲሁ ከሆነ ብቻ ነው። መኪናው ወላጆች ጋር ቀርቶ ልጁ ለዕረፍት ሲመጣ ብቻ የሚነዳው ከሆነ ልጁን ተጨማሪ ሹፌር ማድረግ ፍጹም ሕጋዊ ነው።

መኪናው ግን ከልጁ ጋር ማንቸስተር ሆኖ፣ አባት ሚልተን ኪንስ ተቀምጦ «ዋናው ነጂ እኔ ነኝ» ካለ ያ «ፍሮንቲንግ» ይባላል፤ እንደ ማጭበርበርም ይቆጠራል። መኪናውን የገዛው አባት መሆኑ፣ ሎግ ቡኩ በእሱ ስም መሆኑ ወይም ወርሃዊ ክፍያውን እሱ መክፈሉ ይህን አይለውጠውም። የሚታየው ማን አብዝቶ እንደሚነዳ ነው። አደጋ ሲደርስ አጣሪዎቹ የተማሪውን የመኖሪያ ውል፣ የመኪና ማቆሚያ ፈቃዱንና አደጋው የደረሰበትን ከተማ ማገናኘት አይከብዳቸውም።

ሌላም ሊታሰብበት የሚገባ ነገር አለ። ያለ ካሳ ጥያቄ ያለፉ ዓመታት ቅናሽ፣ «ኖ ክሌምስ» የሚባለው፣ በአብዛኛው የሚጠራቀመው ለውሉ ባለቤት ነው። በአባቱ ስም 3 ዓመት የነዳ ልጅ ሲመረቅ በራሱ ስም ከዜሮ ሊጀምር ይችላል። በራሱ ስም የጀመረ ግን መጀመሪያ ላይ ቢወደድበትም የ3 ዓመት ቅናሽ ይዞ ይወጣል።

የተሳሳተ መረጃ ቢገኝ ምን ይከተላል?

ይህን የሚገዛው እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው፣ ከሚያዝያ 2013 ጀምሮ የሚሠራበት የሸማቾች ኢንሹራንስ ሕግ ነው። ሕጉ ገዢው የሚጠየቀውን ሲመልስ ተገቢ ጥንቃቄ እንዲያደርግ ያዛል። ጥፋቱንም በሁለት ይከፍለዋል።

የመጀመሪያው ሆን ተብሎ ወይም ውሸት ስለመሆኑ ደንታ ሳይሰጥ የተነገረ ነው። ድርጅቱ ውሉን ከመነሻው እንዳልነበረ አድርጎ ሊሰርዘውና የካሳ ጥያቄውን በሙሉ ውድቅ ሊያደርገው ይችላል። የተከፈለውን አረቦንም ሊያስቀር ይችላል።

ሁለተኛው በግዴለሽነት የተፈጠረ ስህተት ነው። በዚህ ጊዜ ድርጅቱ እውነቱን ቢያውቅ ኖሮ የሚያስከፍለው የበለጠ ከሆነ ካሳውን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ለምሳሌ የተከፈለው 1,200 ፓውንድ ሆኖ መከፈል የነበረበት 2,000 ፓውንድ ቢሆን፣ የተከፈለው 60 ከመቶ ነው። ስለዚህ 5,000 ፓውንድ ለሚያወጣ ጥገና የሚሰጠው 3,000 ፓውንድ ብቻ ይሆናል። ቀሪው 2,000 ከቤተሰቡ ኪስ ይወጣል። የተቆጠበው 800 ነበር፤ የጠፋው 2,000 ሆነ።

ሌላ ሰው ከተጎዳ ጉዳዩ ከዚህም ይከብዳል። ድርጅቱ ለተጎጂው እንዲከፍል ሕግ ሊያስገድደው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ግን የከፈለውን ከደንበኛው ሊጠይቅ ይችላል። የአካል ጉዳት ካሳ አንድ ቤተሰብ ለዓመታት ያጠራቀመውን ሊወስድ የሚችል ነው። በተጨማሪም «ኢንሹራንስ ተሰርዞብህ ያውቃል?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ በኋላ በሚሞላ ቅጽ ሁሉ ላይ ይመጣል፤ «አዎ» ብሎ የሚመልስ ወጣትም የሚቀበለው ድርጅት ለማግኘት ይቸገራል።

መኪናው ለምን ይውላል?

ርካሹ ሽፋን ለግል ጉዳይና ለመዝናኛ የሚውል ነው። ወደ ሥራ ቦታ መመላለስ ለብቻው ይጠየቃል። ወደ ዩኒቨርሲቲ በየቀኑ መንዳትን እንደ ሥራ መመላለስ የሚያዩት ድርጅቶች ስላሉ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በተለይ ምግብ በማድረስ ወጪያቸውን የሚሸፍኑ ተማሪዎች ልብ ሊሉ ይገባል። ተራው የግል ኢንሹራንስ በክፍያ ምግብና ዕቃ ማድረስን አይሸፍንም። ለአንድ ምሽት እንኳ ቢሆን የማድረሻ ሽፋን ሳይገዙ መሥራት ያለ ኢንሹራንስ መንዳት ነው። ጓደኞችን ይዞ ተጉዞ የቤንዚን ወጪ መጋራት ግን ትርፍ እስከሌለበት ድረስ በተለምዶ ችግር የለውም።

በመኪናው ላይ የመቆጣጠሪያ መሣሪያ፣ «ብላክ ቦክስ» የሚባለውን፣ ማስገጠም ለወጣቶች ዋጋ ይቀንሳል። መሣሪያው ፍጥነትን፣ የፍሬን አያያዝንና የጉዞ ሰዓትን ይመዘግባል። አንዳንዶቹ ውሎች እኩለ ሌሊት አካባቢና ከዚያ በኋላ መንዳትን ነጥብ ይቀንሱበታል። ረመዳን ላይ ከተራዊሕ ወይም ከተሀጁድ የሚመለስ፣ ለሱብሒ ሶላት ወደ መስጂድ የሚነዳ ተማሪ ከመፈረሙ በፊት ይህን አንቀጽ ማየት ይጠቅመዋል። የሰዓት ገደብ የሌለባቸው ውሎችም አሉ።

በየሁኔታው የሚመረጠው መንገድ

*መኪናው ቤት ይቀራል፣ ልጁ በዕረፍት ብቻ ይነዳል።* በወላጆች ውል ላይ ተጨማሪ ሹፌር ይሁን። ማደሪያው የወላጆች ቤት፣ ዋናው አሽከርካሪ አብዝቶ የሚነዳው ወላጅ ነው።

*ልጁ መኪናውን ይዞ ይሄዳል።* ውሉ በልጁ ስም፣ በትምህርት ከተማው አድራሻ ይሁን። ወላጅ አልፎ አልፎ በእርግጥ የሚነዳው ከሆነ ተጨማሪ ሹፌር አድርጎ ማስመዝገብ ይቻላል፤ ይህ ዋጋውን የሚቀንስበት ጊዜም አለ። ብዙ የዩኒቨርሲቲ ማደሪያዎች ለተማሪ መኪና ቦታ ስለማይሰጡ ማቆሚያውን ኢንሹራንስ ከመግዛት በፊት ማረጋገጥ ይገባል። መንገድ ላይ የሚያድር መኪናን «ጋራዥ ውስጥ ነው» ማለትም የተሳሳተ መረጃ ነው።

*ልጁ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ይነዳል።* ለሰዓታት፣ ለቀናት ወይም ለሳምንታት የሚሸጥ ጊዜያዊ ሽፋን አለ። ለዒድ ሰሞን መጥቶ ለሚመለስ ተማሪ የዓመት ውል ከመግዛት ሊረክስ ይችላል።

*በዓመቱ መሃል ሁኔታው ይቀየራል።* ከማደሪያ ወደ ኪራይ ቤት መግባት፣ ሥራ መጀመር፣ በትምህርት ምክንያት ውጭ አገር መሄድ፣ ሁሉም ለድርጅቱ ሊነገር ይገባል። ለማሻሻያው ክፍያ ሊጠየቅ ስለሚችል ከመግዛት በፊት መጠኑን ይጠይቁ።

*ተማሪው ከኢትዮጵያ አዲስ የመጣ ነው።* በኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ ነዋሪ ከሆነበት ቀን ጀምሮ 12 ወር ብቻ መንዳት ይችላል። ከዚያ በኋላ የብሪታንያ ተለማማጅ ፈቃድ አውጥቶ መፈተን አለበት። ኢንሹራንስ ሲገዛም ፈቃዱ የየት አገር እንደሆነ በትክክል መግለጽ ይኖርበታል።

ሸሪዓዊ ጎኑ

ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1985 ጅዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ የንግድ ኢንሹራንስ በውስጡ ባለው ከባድ ገረር፣ ማለትም የውሉ ግልጽ አለመሆን፣ ምክንያት እንደማይፈቀድ ወስኗል። አማራጭ አድርጎ ያስቀመጠው በመረዳዳት ላይ የቆመውን የትብብር ኢንሹራንስ ነው፤ ተካፉል የምንለው ነው። ብሪታንያ ውስጥ ለመኪና ይህን የሞከረው ሰላም ሐላል ኢንሹራንስ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ጀምሮ በ2009 አዲስ ደንበኛ መቀበል አቁሟል።

መኪና መንዳት የሚያስፈልገው ሰው በሕግ የተገደደበትን ሽፋን መግዛቱን በርካታ ዑለማዎች በግዴታነቱ ምክንያት ይፈቅዱለታል። ከግዴታው በላይ ያለውን ሙሉ ሽፋን በተመለከተ አስተያየታቸው ይለያያል። በዚህ ላይ እያንዳንዱ ቤተሰብ የሚያምነውን ዓሊም እንዲጠይቅ እንመክራለን።

ሁለት ነገሮችን ግን ሳንጠቁም አናልፍም። አንደኛው ወርሃዊ ክፍያ ነው። በየወሩ መክፈል ብዙውን ጊዜ በኢንሹራንሱ ላይ የተደረበ የብድር ውል ሲሆን ወለድ ይታከልበታል። ከተቻለ የዓመቱን በአንድ ጊዜ መክፈል ከሪባም ከተጨማሪ ወጪም ያድናል። ካልተቻለ በየወሩ ያለ ወለድ የሚያስከፍሉ ድርጅቶችን መፈለግ ይቻላል። የወሩ ክፍያ በ12 ተባዝቶ ከዓመቱ ዋጋ ጋር እኩል መሆኑን ማየት በቂ ማጣሪያ ነው።

ሁለተኛው እውነተኝነት ነው። ኢንሹራንሱን በመሠረቱ የማይወድ ሰው እንኳ ድርጅቱን መዋሸት አይፈቀድለትም። ውልን መሙላት ከሙስሊም ጋር ለተዋዋልነው ብቻ የተደረገ ትእዛዝ አይደለም። አባት ለልጁ ሲል የሐሰት አድራሻ ሲሞላ ልጁ ከቤት ሲወጣ የሚቀበለው የመጀመሪያ ትምህርት ያ ይሆናል።

ዋጋን በትክክለኛ መንገድ መቀነስ

ሞተሩ አነስተኛና ዝቅተኛ የኢንሹራንስ ምድብ ያለው መኪና መምረጥ ከሁሉ ይበልጣል። መኪናው ከመገዛቱ በፊት ዋጋውን መጠየቅ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። የዓመቱን ኪሎ ሜትር ወይም ማይል በትክክል መገመት፣ ብላክ ቦክስ ማስገጠም፣ በአደጋ ጊዜ ከራስ የሚከፈለውን ድርሻ ከፍ ማድረግም ይረዳሉ። ይህን ድርሻ ከፍ ስታደርጉ ግን ነገ አደጋ ቢደርስ በእርግጥ ልትከፍሉት የምትችሉትን መጠን ምረጡ።

ውሉ ሲታደስም ዝም ብሎ መቀጠል አያስፈልግም። ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ድርጅቶች ነባር ደንበኛን ከአዲስ ደንበኛ አስበልጠው እንዳያስከፍሉ የፋይናንስ ተቆጣጣሪው ከልክሏል። ሆኖም በድርጅቶች መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ስለሆነ በየዓመቱ ማወዳደር ይጠቅማል። ተሳስተው የገዙትን የዓመት ውልም በ14 ቀን ውስጥ መሰረዝ ይቻላል፤ ለተጠቀሙባቸው ቀናትና ለአስተዳደር ወጪ ሊቀነስ ይችላል።

ቅሬታ ቢኖር

ድርጅቱ ያለ አግባብ ካሳ ከከለከለ ወይም ውሉን ከሰረዘ በመጀመሪያ ለራሱ ለድርጅቱ በጽሑፍ አቤቱታ ይቀርባል። በ8 ሳምንት ውስጥ ካልመለሰ ወይም መልሱ ካላረካ ጉዳዩን ወደ ፋይናንሻል ኦምቡድስማን ሰርቪስ በነጻ መውሰድ ይቻላል። የድርጅቱ የመጨረሻ መልስ ከደረሰ በኋላ ያለው ጊዜ 6 ወር ነው። ከላይ መልስን በጽሑፍ አስቀምጡ ያልነው ለዚህ ቀን ነው፤ «ሁለቱንም አድራሻ ነግሬያቸዋለሁ» የሚል ተማሪ በኢሜይል ካሳየ ይደመጣል።

ከመፈረም በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎች

1. መኪናው በዓመት ስንት ሳምንት የት ያድራል? ሁለቱም አድራሻ ተነግሯል?
2. አብዝቶ የሚነዳው ማን ነው? በውሉ ላይ ያለው ስም እሱ ነው?
3. ወደ ትምህርት ቦታ መመላለስ ተሸፍኗል? የማድረስ ሥራስ ታስቧል?
4. የሌሊት ጉዞ ገደብ አለው?
5. የወሩ ክፍያ ወለድ አለበት?
6. አድራሻ ለመቀየር ስንት ይከፈላል?
7. አደጋ ቢደርስ ከራስ የሚወጣው ስንት ነው?

እነዚህን ሰባት ጥያቄዎች ወላጅና ልጅ አንድ ላይ ተቀምጠው ቢመልሱ ግማሽ ሰዓት አይፈጅባቸውም። ልጁ ውሉ ላይ የሰፈረውን ካላወቀ ፖሊስ ሲያቆመውም ሆነ አደጋ ሲገጥመው የሚመልሰው አይኖረውም።

አላህ ልጆቻችንን በሄዱበት ይጠብቅልን፤ ዕውቀታቸውንም ጠቃሚ ያድርግላቸው። ወላሁ አዕለም።